ሃምሳ ሁለት ሳንቲሜትር

«ይሰረዝ ብያለሁ!» ሪካርዳ ጋይዘር ወረቀቱን በጣቷ ወጋችው። «ይህች መስመር እስክትሰረዝ ድረስ ከዚህ ወንበር አልነሣም። ከፈለጋችሁ ከነወንበሩ አውጡኝ።»

«ወይዘሪት ጋይዘር፣ ይሄ የመጀመሪያ ሪፖርት ነው፤ ስነግርዎት ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ያየውን ጽፏል።»

«ያየውን? ‹ሟቹ መኪናዋን ሰርቆ፣ ሰክሮ ሲያሽከረክር› ነው የሚለው። ሲሰርቅ በየትኛው ዓይኑ አየው?»

ኮሚሳር ኤካርት ሽታይብ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። በሠላሳ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራው የሚያለቅስ ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚያዝ ተምሯል፤ ውሃ ያቀርባል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ዝም ይላል። የማታለቅስና የምትሟገት ሐዘንተኛ ግን አልገጠመችውም። ውሃውን አቅርቦላት ነበር፤ ወደ ጎን ገፍታ በቦታው ሪፖርቱን ዘረጋችበት።

ነገሩ ትናንት እሑድ፣ ኖቬምበር ሁለት፣ ሊነጋጋ ሲል የሆነ ነው። አንዲት ብርማ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ከወይን እርሻው ቁልቁለት ወርዳ ከድንጋይ ካብ ጋር ተላተመች። መኪናዋ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ በዓለም ላይ ከቀሩት ሃያ ሦስት አንዷ፣ አራት ሚሊዮን ዩሮ የተገመተች ናት። ባለቤቷ የቡሎን ፋብሪካ ጌታው ቮልፍራም ብሮም ነው። መሪው ላይ ተደፍቶ የተገኘው ግን የሪካርዳ አባት፣ የስድሳ አራት ዓመቱ ባትላሜራ አልቪን ጋይዘር ነው። መኪናዋ እሱ ጋራዥ የገባችው የኋላ መከላከያዋ ላይ ላለች ትንሽ ጉድጓድ ነበር።

«አረቄ አረቄ ይሸት ነበር» አለ ሽታይብ።

«ልብሱ ነው የሸተተው። አባቴ ቅዳሜ ማታ አንድ ሩብ ሊትር ቀይ ወይን ይጠጣል። አረቄ ጨጓራውን ስለሚያመው ለጉንፋን እንኳ አይቀምሰውም።»

«ሌላስ?»

«ታርጋው።»

ሽታይብ ፎቶውን አቀረበ። በታርጋው ቀኝ ጫፍ ሁለት ቁጥሮች ተደራርበዋል፤ ላይ 04፣ ታች 10። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ብቻ መንገድ ላይ እንድትወጣ የተፈቀደላት የበጋ መኪና ናት።

«አርብ ማታ ወቅቱ አበቃ» አለች ሪካርዳ። «አባቴ ወቅቱ ባለፈ ታርጋ መንገድ ሊወጣ ቀርቶ ከጋራዡ ደፍ አንድ ክንድ አያሳልፋትም። ሰክሮ ቢሆን እንኳ። አብዶ ቢሆን እንኳ።»

ከተናገረችው ሁሉ ሽታይብ ውስጥ የገባው ይሄ ነው። እሱ ራሱ የበረዶ ጎማውን በኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት የሚቀይር ሰው ነው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መኪና አላትማለሁ።»

«እንዴት?»

«በኮምፒውተር። ፋብሪካዎቹ አንድ እውነተኛ መኪና ግድግዳ ላይ ከማላተማቸው በፊት እኔ ሦስት መቶ ጊዜ አላትማታለሁ፤ አንዲት ቡሎን ሳትጠፋ። ይህችንም አላትሜያታለሁ። ከአራት ዓመት በፊት አባቴ ሲያድሳት ስምንት ወር ጋራዡ ነበረች። እያንዳንዱን ቧንቧዋን፣ እያንዳንዱን ላሜራዋን ለክቼ ሞዴሏን ሠራሁ። ለልደቱ ከግድግዳ ጋር ስትጋጭ አሳየሁት።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው አቃናችው። «ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ፍጥነቱን ስጡኝና እንደገና ላላትማት።»

«የሟች ልጅ ነዎት። ፍርድ ቤት አይቀበልዎትም።»

«ፍርድ ቤቱን ማን ጠየቀ? እርስዎ እንዲያምኑኝ ነው የምፈልገው።»

ሽታይብ እስክሪብቶ አነሣ። መስመሯን አልሰረዛትም፤ አጠገቧ የጥያቄ ምልክት ሣለ። «ለጊዜው ይሄ ይበቃዎታል።»

ሪካርዳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። «ጠማማ ነው» አለችና ተነሥታ ሄደች።

*

መንገዱ ከአልቪን ጋራዥ በር ተነሥቶ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ በወይኑ መሐል ይወርድና ካቡ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ሌላ መውጫ የለውም። ምክትሉ ኒሉፈር አክጉን እጇን ኪሷ ከትታ ቁልቁለቱን በዓይኗ ለካችው።

«የፍሬን ምልክት የለም። ማርሽም አልገባላትም፤ ፎሌ ላይ ነበረች። ሰውዬው ሰክሮ ነው ወይስ ተኝቶ የወረደው፣ አለቃ?»

«ሦስተኛም አለ።»

«ምን?»

«ራሱ ያልወረደ።»

ኒሉፈር ጎንበስ አለች። በካቡ ሥር የመስታወት ስባሪ ተከምሯል፤ ሰው የቆለለው፣ ጫፉ የሾለ ትንሽ ክምር። ከክምሩ ወዲህ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ስፋት ያለው መንገድ ንጹሕ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስባሪው እንደ ተበተነ አለ።

«እሳት አደጋዎቹን ጠይቄያለሁ። ሲደርሱ እንዲሁ ነበር አሉኝ» አለች።

ከላይ መስኮት ተከፈተ። የሰማንያ አራት ዓመቷ ወይዘሮ ክኒትል በክርናቸው ትራስ ላይ ተደግፈው ወጡ።

«አንተ የሽታይብ ልጅ! ወይኔን እንዳትረግጥ!»

«አልረገጥኩም፣ እትዬ ክኒትል። ይህን መስታወት የጠረጉት እርስዎ ነዎት?»

አሮጊቷ በጥፊ የተመቱ ያህል ቀሉ። «እኔ? በእሑድ? ሰባ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ነው የምጠርገው! እናትህ ብትኖር ትመሰክር ነበር፣ ነፍሷን ይማር። እሑድ መጥረጊያ ከነካሁ እጄን ያድርቀው!»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምለው! መጀመሪያ ድም አለ፤ ሰዓቴን አየሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ። መነጽሬን ስፈልግ ከታች ሽው፣ ሽው፣ ሽው የሚል ሰማሁ። በእሑድ የሚጠርግ! አጃኢብ አልኩና ለፖሊስ ደወልኩ። ሳልጨርስ አንድ መኪና ቀስ ብሎ ወረደ።»

«ትናንት ለፖሊሶቹ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ስለ ግጭቱ ጠየቁኝ፣ ስለ ግጭቱ መለስኩ። ስለ መጥረግ ማን ጠየቀኝ?» መስኮቱ ተዘጋ።

ኒሉፈር ከክምሩ ውስጥ በወረንጦ አንድ ነገር መዘዘች። አጫጭር ነጭ ፀጉር ነው፤ ለስላሳ፣ እርስ በርሱ በሰም የተጣበቀ። «የውሻ ነው?»

«ላኪው።»

ቢሮ ሳይደርሱ የአስከሬን መርማሪዋ ደወለች። የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረዋል፤ ነገር ግን አልደሙም። መኪናዋ ስትላተም አልቪን ጋይዘር ከሞተ ሰባት ሰዓት አልፎት ነበር። ከምሽቱ በሁለትና በአራት ሰዓት መካከል አንድ ጊዜ ጆሮ ግንዱ ላይ በመዶሻ ተመቷል። ደሙ ውስጥ የተገኘው አንድ ሩብ ሊትር ወይን ነው።

«መስመሯ ተሰረዘች እንግዲህ» አለች ኒሉፈር።

«‹ሰክሮ› የምትለዋ ተሰረዘች። ‹ሰርቆ› የምትለዋ ገና ናት። አቃቤ ሕጉ ምን እንደሚል አሁኑኑ ልነግርሽ እችላለሁ።»

አቃቤ ሕጉም ሽታይብ እንዳለው አለ። ባትላሜራው ከአንድ ተባባሪ ጋር መኪናዋን ሊያሸሽ ነበር፤ ተጣሉ፤ ተባባሪው ገደለው። የጋይዘርን ወዳጆች ፈልጉና ጨርሱ።

«ተባባሪው አራት ሚሊዮኑን ግድግዳ ላይ ለምን ያላትማል?» አለ ሽታይብ በስልኩ።

«ደንግጦ።»

«ደንግጦ ሰባት ሰዓት ጠበቀ? ከዚያ ደግሞ መንገድ ጠረገ?»

«ኮሚሳር፣ ለጡረታ ስንት ወር ቀረዎት?»

«አሥራ አራት» አለ ሽታይብ። «ይህን ለመጨረስ ይበቃሉ።» ስልኩን ዘጋ።

*

ቮልፍራም ብሮም እንግዳን ጋራዡ ውስጥ በጫማ አያስገባም። ሽታይብና ኒሉፈር የተሰጣቸውን የሱፍ ነጠላ ጫማ አድርገው በሚያብለጨልጭ ወለል ላይ ቆሙ። አሥር መኪኖች በነጭ ሸራ ተሸፍነው ተደርድረዋል፤ አንደኛው ቦታ ባዶ ነው።

«ስለ ኢንሹራንስ ልትጠይቁኝ መጥታችኋል» አለ ብሮም። ሰባ ዓመት የሞላው፣ ጠንካራ፣ ችኩል ሰው ነው። «ልገላግላችሁ። አንድ ሳንቲም አላገኝም። ከኖቬምበር አንድ ጀምሮ መንገድ ላይ ከወጣች ውሉ አይሠራም። ማጭበርበር ብፈልግ ኖሮ ሐሙስ ዕለት አላትማት ነበር። ሞኝ እመስላለሁ?»

«አይመስሉም። ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ?»

«እዚህ። ብቻዬን። ከእነዚህ ጋር።» ሸራዎቹን በአገጩ ጠቆመ። «ምስክር የለኝም፤ ከፈለጋችሁ አሥሩንም ጠይቁ።»

«ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አልቪን ጋይዘር ሦስት ጊዜ ደውሎልዎታል።»

ብሮም የአንዱን ሸራ ጫፍ አቃና። «ፍል ውሃ ነበርኩ። ስልኬን ይዤ ውሃ አልገባም። መልሼም አልደወልኩለትም።» ነጠላ ጫማውን አየ። «አርባ ዓመት ነው የማውቀው። አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ምክንያት አልደወለም።»

«አርብ ዕለት መኪናዋን የወሰዷት ራስዎ ነዎት?»

«ራሴ ነኝ። የወቅቱን የመጨረሻ ጉዞ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማደርገው። አቤት እንዴት ሄደች! ድሮ መታጠፊያ ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሆኗት እንደ ድንጋይ ረግታ ነው የምትታጠፈው። ሌሎቹ ያረጃሉ፣ እሷ ትጎለምሳለች።»

ሲወጡ ኒሉፈር ጫማዋን እያሰረች «ሚስቱ ሞታ ቢሆን እንዲህ የሚያወራ ይመስልሃል?» አለች።

«ሚስቱ ሞታለች። ያኔም እኔ ነኝ የመጣሁት፤ ይህን ያህል አላወራም።»

አልቪን ከብሮም ቀጥሎ የደወለው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ አራት ደቂቃ የፈጀ፤ ለኢንጎ ፌትሰር። ፌትሰር የአሮጌ ውድ መኪኖች ዋጋ ገማች ነው። በክፍለ ሀገሩ ውስጥ ማንም ሰብሳቢ ያለ እሱ ፊርማ አይገዛም፣ አይሸጥም። የብሮምንም መኪና በየዓመቱ ለሳምንት ወስዶ መርምሮ «ሁለመናዋ የመጀመሪያው» የሚል ወረቀት ይጽፋል።

ቢሮው እንደ ሐኪም ቤት ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ የመሣሪያ ሻንጣው ተከፍቷል፤ ማጉያ መነጽር፣ ባትሪ፣ የቀለምና የብረት ውፍረት መለኪያ፣ እያንዳንዱ በልኩ በተቀረጸ ስፖንጅ ውስጥ ተኝቷል። አንድ ረዘም ያለ ቦታ ባዶ ነው።

«አልቪን?» አለ ፌትሰር፣ ቀጭን ጣቶቹን አቆላልፎ። «ስለ ቀለም ጠየቀኝ። የብርማውን ቅይጥ። ምስኪን፣ እጁ ወርቅ ነበር። ሰው በጡረታው ዋዜማ እንዲህ መፈተኑ ያሳዝናል።»

«መስረቁን እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ የምገምተው መኪና ነው፣ ኮሚሳር፤ ሰው አይደለም።»

«ቅዳሜ ማታስ?»

«ወይን ገበሬው ሃይንለ ዘንድ። ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት። ደጁ ላይ መጥረጊያው ተሰቅሎ አይቼ ገባሁ፤ አዲሱ ወይን ግሩም ነው። ሰው ጢም ብሎ ስለ ነበር ማን እንዳየኝ አላውቅም።»

በዚያ ሸለቆ የራሱን ወይን ለመሸጥ በሩን የከፈተ ገበሬ ደጁ ላይ መጥረጊያ ይሰቅላል፤ መጥረጊያው ካለ ይገባል፣ ከሌለ ይታለፋል። ሽታይብ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ሃይንለ ሲጠየቅ ፊቱን አኮማተረ፤ ቅዳሜ ሰው እንደ ጉንዳን ነበር፣ ማን እንደ ገባ ማን እንደ ወጣ አያውቅም።

*

ሪካርዳ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሽታይብን ጠራችው። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ባዶ ነበር፤ አለቃዋ ብቻ የመስታወቱ በር ላይ ቆሞ ይሟገታታል።

«የድርጅቱ ማሽን ለቤተሰብ ጉዳይ አይደለም፣ ሪካርዳ። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«ቅዳሜና እሑድ ተኝቶ ነው የሚውለው። ልታባርረኝ ከሆነ ሰኞ አባርረኝ፤ ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ።»

አለቃዋ ሽታይብን አየና ሄደ።

ስክሪኑ ላይ ብርማዋ መኪና ወደ ግራጫ ግድግዳ በቀስታ ተጠጋች። አፍንጫዋ ነካው፤ ከዚያ ላሜራው እንደ በፍታ እየተሸበሸበ፣ ቧንቧዎቹ እንደ ጉልበት እየታጠፉ ወደ ውስጥ ገባ። ድምፅ የለውም። ከሰከንድ አንድ አሥረኛዋን ለማስላት ማሽኑ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶበታል።

«ቁልቁለቱ፣ በፎሌ መለቀቋ፣ ከካቡ የተነቃነቁት ድንጋዮች፤ ሦስቱም ሰባ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይላሉ» አለች ሪካርዳ። «በሰባ ስትጋጭ አፍንጫዋ ሰማንያ አንድ ሳንቲሜትር መግባት አለበት። እናንተ ግቢ ያለችው ስንት ገባች?»

ሽታይብ የባለሙያውን ወረቀት አየ። «ሃምሳ ሁለት።»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ፍጥነቷ ያነሰ ይሆናላ።»

«አምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ሃምሳ ሁለት ይመጣል። ግን በአምሳ ያ ድንጋይ አይነቃነቅም። ደግሞም በዚያ ቁልቁለት የተለቀቀ መኪና አምሳ ላይ አይቆምም። ትናንት የራሴን ለቅቄ አይቻለሁ።»

«ምን አደረጉ?»

«ካቡ ጋ ሳልደርስ ፍሬን ያዝኩ፤ አይጨነቁ።»

«ወይዘሪት ጋይዘር፣ ምናልባት ኮምፒውተሩ ተሳስቶ እንደሆነስ?»

ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «አሥራ አንድ ዓመት ይህችን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ኖሬያለሁ። ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ይሉኛል፤ ከዚያ እውነተኛዋን ያላትሟታል፤ ከዚያ ይቅርታ የሚል አንድ ሰው አይመጣም። ሞዴሌ አልተሳሳተም። የተሳሳተችው መኪናዋ ናት።»

ሽታይብን የሱፍ ነጠላ ጫማ ያደረገው ብሮም ያለው ትዝ አለው። *ድሮ መታጠፊያ ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር።*

«ቧንቧዎቹ ጠንካራ ብረት ቢሆኑስ?» አለ። «አሁን የሚሠራ ዓይነት?»

ሪካርዳ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። «ዘጠኝ ሰዓት ስጡኝ።»

እሑድ ጠዋት መልእክቷ ደረሰው፤ ቁጥር ብቻ ነው። *52.*

*

ሰኞ ዕለት የፖሊሱ ግቢ መጋዘን ውስጥ ባለሙያው ከስብርባሪዋ ቧንቧ አንድ ጣት ቆርጦ ለካ። ብረቱ ከተሠራ አምስት ዓመት አይሞላውም። ስትላተም የሞተችው አራት ሚሊዮን ዩሮ አልነበረችም፤ ቅጂ ነበረች።

ሪካርዳ የተጎደጎደውን የኋላ መከላከያ ከውስጥ በመዳፏ ዳሰሰች። አባቷ ጉድጓዷን ሊያቃና ዝገት የሚከላከለውን ሰም የፋቀበት ቦታ አለ። እጇ ቆመ። ከቦርሳዋ የአባቷን ትንሽ መዶሻ አወጣች፤ የብረቱ ፊት ላይ እንደ ጨረቃ ግማሽ የምትታጠፍ ጭረት አለች። ላሜራው ላይ ካለው ምልክት አጠገብ አስጠጋቻት። ምልክቱ ያው ነው፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ቦታ።

ኒሉፈር ወደ ሽታይብ አየች።

«ይህን ላሜራ የመታው አባትዎ ነው» አለ ሽታይብ በቀስታ። «ከዚህ በኋላ ከቀጠልን ሌባ የሚለው ቃል ወድቆ አጭበርባሪ የሚለው ሊነሣ ይችላል። ላስጠንቅቅዎት ብዬ ነው።»

ሪካርዳ መዶሻዋን በሁለት እጇ ያዘች። ሊነጋጋ ሲል እንደ ተቀሰቀሰ ሰው ፊቷ ነጣ።

«ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሙዚየም የይህችን መኪና ቅጂ አዘዘው» አለች። «ለዕይታ ብቻ የምትቆም። ሻንሲው ተሠርቶ መጣለት፤ እሱ ላሜራውን ዘጠኝ ወር መታ። በተዘጋ የጭነት መኪና ወሰዷት። ‹ስትመረቅ ይጠሩኛል› ብሎ አዲስ ኮት ገዛ። አልጠሩትም። በየጊዜው የፖስታ ሣጥኑን ያይ ነበር።» ቀና አለች። «ቀጥሉ። ምንም ይምጣ፣ ቀጥሉ።»

ኒሉፈር ሙዚየሙን ፈለገች። ትእዛዙ ላይ የተጻፈው ከተማ አለ፤ ሙዚየሙ የለም።

ማታ ሽታይብ ወደ ወይን እርሻው ብቻውን ሄደ። ወይዘሮ ክኒትል በር ላይ ተቀበሉት።

«እትዬ ክኒትል፣ ያን ቅዳሜ ሃይንለ ዘንድ ሄደው ነበር?»

«አታንሣብኝ! በሁለት ሰዓት ካርታ ልጫወት ሄድኩ፤ መጥረጊያው ወርዷል። አዲሱ ወይን በአንድ ሰዓት አለቀ ብሎ ሰዉን ሁሉ አባሮ በር ዘጋ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ወጥቼ ጥሜን ይዤ ተመለስኩ። እሱ እንደሆነ አፍሮ ለማንም አይናገርም፤ የወይን ገበሬ ወይን አለቀበት ሲባል ሰው ይስቃላ።»

*

በፖሊስ ጣቢያው የምርመራ ክፍል ኢንጎ ፌትሰር ኮቱን አጣጥፎ ወንበሩ ጀርባ ላይ አደረገ፤ ክርኑን ከማሳረፉ በፊት ጠረጴዛውን በመሐረብ ጠረገ።

«መጥረጊያው ተሰቅሎ አይተው ነው የገቡት?» አለ ሽታይብ።

«ብያለሁ።»

«በሁለት ሰዓት ወርዶ ነበር።»

«ሰዓት ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሆናል። ብሮም መኪናዋን ይነዳታል፤ ቧንቧዋን ግን አይለካም። ጋይዘር ለሌለ ሙዚየም ለዓይን ያማረች ቅጂ ሠርቶ ሸኘ፤ እርስዎ ለሳምንት በወሰዷት መኪና ቦታ እንደ ተተካች አያውቅም። አርብ ዕለት እጁ ላይ ተመልሳ እስክትመጣ፤ ቅዳሜ ሰሙን ፍቆ የራሱን መዶሻ እስኪያገኝ። መጀመሪያ የደወለው ለባለቤቷ ነው፤ ሦስት ጊዜ። የሰረቀ ሰው ለባለቤቱ አይደውልም። ስላላገኘው በየዓመቱ መለኪያ እያስጠጋ ‹ሁለመናዋ የመጀመሪያው› ብሎ ለሚፈርመው ሰው ደወለ። መለኪያው የሚዋሽ ዓይነት ነው፣ አቶ ፌትሰር?»

«ሰው ይሳሳታል።»

«ሁለት ዓመት በተከታታይ?» አለ ሽታይብ። ኒሉፈር የፕላስቲክ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የፍየል ፀጉር ነው» አለች። «ሰም የተቀባ። የመኪና ቀለም ሳይጭር አቧራ የሚያነሣ ብሩሽ። ሻንጣዎ ውስጥ ቦታው ባዶ ነበር።»

«ጠፍቶብኛል። እንዲህ ያለ ብሩሽ ሰብሳቢ ሁሉ አለው።»

እውነቱን ነው። ሽታይብም ያውቃል። ወንበሩ ላይ ተለጠጠና አዛጋ።

«እኔን የገረመኝ ሌላ ነው» አለ። «መስታወቱ መንገዱን ዘግቶታል፣ ለጎማዎ ይፈራሉ፤ ይሁን፣ ጠረጉት። ግን ያ መጥረግ ይባላል? እዚያ ያሉት አሮጊት ስቀው ሊሞቱ ነበር። ግማሹን ትቶት፣ ስባሪውን እንደ ነገሩ ገፋ አድርጎ…»

«አንዲት ስባሪ አልቀረችም!» አለ ፌትሰር።

ሽታይብ ከወንበሩ ቀና አለ።

«መሄጃዬ ላይ አንዲትም አልቀረችም» አለ እንደገና፣ ዝግ ብሎ። የራሱን ድምፅ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። «በባትሪ አይቼዋለሁ። የብስክሌት መንገድ ነው። ብርጭቆ መንገድ ላይ ትቶ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ኒሉፈር እስክሪብቶዋን አነሣች።

*

በሳምንቱ ግቢው ውስጥ ሰው ተሰበሰበ። አቃቤ ሕጉ መጥቷል፤ ሁለት ጋዜጠኞች መጥተዋል፤ እውነተኛዋ መኪና ባሕር ማዶ በአንድ ቱጃር ጋራዥ ውስጥ መገኘቷ ተሰምቷል። ቮልፍራም ብሮም በስብርባሪዋ ዙሪያ ይዞራል።

ሽታይብ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አዲሱን ገጽ ለሪካርዳ ዘረጋላት። አነበበችው። *ሟቹ በእጁ የገባችው መኪና ቅጂ መሆኑን ስላወቀና ለባለቤቱ ሊያሳውቅ ስለ ሞከረ ተገደለ፤ ገዳዩ መንገዱ ከሰው እስኪጸዳ ጠብቆ፣ ቅጂነቷ እንዳይታወቅ አስከሬኑን መሪዋ ላይ አድርጎ፣ አረቄ አፍስሶበት፣ ከካቡ ጋር አላተማት።* ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አሮጌውን ገጽ ጠየቀች። ሽታይብ ማስመሪያ አምጥቶ «ሰርቆ፣ ሰክሮ» የሚለውን መስመር ቀጥ አድርጎ ሰረዘ፤ ከጠማማው የጥያቄ ምልክት ጋር።

«አሁንስ?» አለ።

«ቀጥ ብሏል» አለች።

«ኮሚሳር!» ብሮም ከውጭ ተጣራ። «ኑና ፍረዱን! ይሄ ጋዜጠኛ ውዳቂ ቆርቆሮ ናት ይለኛል።»

ሽታይብ ወጣ። ብሮም የተጨማደደውን ኮፈን በመዳፉ ይደባብሳል።

«ሁለት ዓመት ነዳኋት» አለ። «ከእውነተኛዋ የተሻለ ትሄድ ነበር። የአልቪን እጅ ናት። በዓለም ላይ እንዲህ ያለች ሌላ የለችም። ያቺ ከሃያ ሦስት አንዷ ናት፤ ይህቺ ብቻዋን ናት። ዋጋዋን የሚነግረኝ ሰው አምጡልኝ!»

«ገማቹ እስር ቤት ነው» አለ አቃቤ ሕጉ፤ ሁሉም ሳቁ።

«እኔ ራሴ እገምታታለሁ! አልሸጣትም፣ አላቃናትም። እንዲህ እንደ ሆነች አቆማታለሁ፤ የአልቪንንም ስም ከነመዶሻው ምልክት አስጽፋለሁ።»

«ታርጋዋ ግን ወቅቱ አልፎበታል» አለች ኒሉፈር።

«በሸራ ተጠቅልላ፣ በጭነት መኪና! ማን መንገድ ላይ ያወጣታል?»

ጋዜጠኛው ፎቶ ለማንሣት ወንበር ላይ ወጣ። አቃቤ ሕጉ በስንት ልትሸጥ እንደምትችል ከብሮም ጋር ክርክር ገጠመ፤ ሽታይብ መሐል ገብቶ የሕግ ማስረጃ መሆኗንና ለጊዜው የማንም እንዳልሆነች አስረዳ። በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አዲሱ ገጽ ተፈርሞ ተቀምጧል። ሪካርዳ ጋይዘር መዶሻዋን በኮቷ ኪስ ከትታ፣ በሰዎቹ ጀርባ አልፋ፣ በጎን በኩል ባለው ትንሽ በር ወጣች።

«ሦስት መቶ ሺ!» አለ አቃቤ ሕጉ።

«እፍ!» አለ ብሮም።